ቦሎኛ ልገባ ነው፤ ጣሊያንኛን ከገበያው፣ ከማዕዱና ከበዓሉ እንዴት ልልመድ?

ናሆም (ገርጂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ልጀምር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቋንቋው ነገር ብዙም አላሳሰበኝም ነበር። እዚያ ያሉ ልጆች ግን ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፦ ከግቢ ከወጣህ በእንግሊዝኛ ሩቅ አትሄድም። ስለዚህ በስልኬ እየተማርኩ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አንድ መምህር ጋ እሄዳለሁ። ግስ አረባለሁ፣ አጭር ጽሑፍም አነባለሁ። ቪድዮ ላይ ሰዎች ገበያ ውስጥ ሲነጋገሩ ስሰማ ግን አንዱን ዓረፍተ ነገር እንኳ ሙሉውን አልይዘውም።

ጥያቄዬ እዚያው ለምትኖሩት ነው። ክላስ ከመቀመጥ ሌላ በየቀኑ ኑሮ፣ በምግቡ፣ በበዓሉ፣ ከጎረቤት ጋር በመዋል ቋንቋውን የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ምን ምን ታደርጉ ነበር? «ከሰው ጋር አውራ» የሚለውን ምክር ብዙ ሰምቻለሁ። ግን ከማን ጋር? የት? ምን ብዬ ልጀምር? ደግሞ ጿሚ ነኝ፣ የአሳማ ሥጋም አልበላም። በምግብ በኩል ልግባ ብል ይህ ያስቸግረኝ ይሆን?


ትርሲት (ቦሎኛ)

ናሆም ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። እኔ እዚህ የመጣሁት ለሥራ ነው። ባዳንቴ ነኝ፤ አቅማቸው የደከመ አንዲት ሲኞራ ቤት ገብቼ እየተንከባከብኳቸው ነው የኖርኩት። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ አፌን የፈታሁት ገበያና ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሳላሳጥር ልንገርህ።

መጀመሪያ አንድ ሱቅ ምረጥ። ሱፐርማርኬት አይሁን፤ እዚያ ዕቃህን አንስተህ፣ ካርድህን አስነክተህ፣ ትንፍሽ ሳትል ትወጣለህ። ኡጎ ባሲ መንገድ ላይ መርካቶ ዴሌ ኤርቤ የሚባል ጣራ ያለው ገበያ አለ። እሱ ከራቀህ በሰፈርህ ያለ አንድ የአይብ ሱቅ ይበቃል። ረፋዱ ላይ ሂድ፤ በዚያ ሰዓት የምታገኘው ጡረታ የወጡ እናቶችን ነው፣ እነሱ ደግሞ አይቸኩሉም። ሁሌ እዚያው ሱቅ፣ ሁሌ በዚያው ሰዓት።

ስትገባ የተራ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ካለ ወረቀቱን ውሰድ። ከሌለ «ኪ ኤ ሉልቲሞ?» በል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ማን ነው ማለት ነው። አንዷ እጇን ታነሣለች፣ ከእሷ ቀጥለህ ትቆማለህ። ይህን ብሎ የገባን ሰው እንደ እንግዳ አያዩትም። ተራህ ሲደርስ ባለሱቁ «ሚ ዲካ» ይልሃል፤ ይንገሩኝ እንደማለት። አይቡን ታሳየዋለህ። እሱም ወዲያው «ኳንቶ ኔ ቩዎሌ?» ይላል።

መሀል የገባችው «ኔ» መጽሐፍ ላይ ተማሪውን ሁሉ የምታስጨንቀው ናት። ሱቁ ውስጥ ግን ሰውየው ቢላዋውን አይቡ ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ እያየህ ነው የሚጠይቅህ። ከዚህ ምን ያህል ልቁረጥ ማለቱ እንደሆነ ሌላ አስተርጓሚ አያሻህም። «ኔ ቮሬይ ዱዌ ኤቲ» ትለዋለህ። አንድ ኤቶ መቶ ግራም ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሰው የሚጠይቀው በኤቶ ነው። ቢላዋውን ፈቀቅ አድርጎ «ኮዚ?» ይላል፣ እንዲህ? ከበዛብህ «ኡን ፖ ሜኖ»፣ ትንሽ ቀነስ። ሚዛን ላይ ሲያወጣው መቼም ትንሽ ያልፋል፤ «ሶኖ ዱዌ ኤቲ ኤ ሜትዞ፣ ላሾ?»። ሁለት ኤቶ ተኩል ሆኗል፣ ልተወው? አንተም «ላሺ ፑሬ»። ከዚያ «አልትሮ?»፣ ሌላስ? «ባስታ ኮዚ፣ ግራትሲዬ»። በቃ።

እንግዲህ ይህ ንግግር በየሳምንቱ ራሱን ይደግማል፤ የሚለወጠው ዕቃው ብቻ ነው። የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድመህ ስለምታውቀው ጆሮህ ሳይደናገጥ ይሰማል። ሰውየው ሲለምድህ ደግሞ መጨመር ይጀምራል፤ ከየት መጣህ፣ ምን ትማራለህ፣ ይህ ፓርሚጃኖ የ24 ወር ነው፣ ቅመሰው። ቋንቋው የሚመጣልህ በዚህች ጭማሪ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግን አትመጣም።

ለባለሱቅም ለትልልቅ ሰዎችም «ሌይ» በል። ለኛ ይህ አይከብድም፤ አንቱታን እየሰማን ነው ያደግነው። ልዩነቱ ግሱ «እሷ» እንደሚባለው መርባቱ ነው፣ የምታናግረው ወንድ ቢሆንም። «ዳሚ ዴል ቱ» ካሉህ አንተ በለኝ ማለታቸው ነውና እሺ በል። ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ከመጀመሪያውም «ቱ» ነው የሚባባሉት።

ሁለተኛው ወጥ ቤት ነው። ቦሎኛ በገና ሰሞን ቶርቴሊኒ ይሠራል፤ የሲኞራዬ እህቶችም ይመጡና ጠረጴዛው ዙሪያ እንቀመጥ ነበር። ለአንድ እንቁላል መቶ ግራም ዱቄት ነው። ሊጡ ካረፈ በኋላ በረጅም መዳመጫ ይዳመጣል። የቦሎኛ ሴቶች ሊጡን አንስተሽ ወደ መስኮቱ ስትይዢው ሳን ሉካ ሊታይሽ ይገባል ይላሉ፤ ሳን ሉካ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሊጡ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆረጣል፣ መሀሉ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሙሌት ይደረጋል፣ ታጥፎ በጣት ላይ ይጠቀለላል። ያን ሁሉ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የሚሰማው ትእዛዝ ነው፦ «ቲራ» ሳቢ፣ «ጂራ» አዙሪ፣ «ኪዩዲ ቤኔ» ደህና አድርገሽ ግጠሚ፣ «ኖን ስትራፓሬ» እንዳትቀጂው። ደህና ካልተገጠመ ሾርባው ውስጥ ይፈታል፣ ስለዚህ ቃሉን ሰምተህ ወዲያው በእጅህ ታደርገዋለህ። «አድርግ» ሲባል ግሱ ሌላ፣ «አታድርግ» ሲባል ሌላ መሆኑን እኔ ከዚያ ጠረጴዛ ነው የያዝኩት። ሙሌቱ የአሳማ ሥጋና ሞርታዴላ ስለሆነ እኔ አልበላም፤ ከዚያው ሊጥ ታልያቴሌ ይቆረጥልኝ ነበር።

ትልቅ ሰው ባገኘህ ቁጥር ደግሞ ይህን ጠይቅ፦ «ኮሜ ሎ ፋቼቫ ሱዋ ማማ?»፣ እናትዎ እንዴት ነበር የሚሠሩት? ከዚያ ዝም ብለህ ስማ። ስለ እናቱ ወጥ ተጠይቆ የማይመልስ ጣሊያናዊ እኔ አላየሁም። እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር፣ በጦርነቱ ጊዜ ዱቄት አልነበረም፣ ተራራው ላይ የደረት ነት ፍሬ ፈጭተን እንበላ ነበር እያሉ ይቀጥላሉ። ፋቼቫ፣ ማንጃቫሞ፣ አንዳቫ፤ መጽሐፍህ «ኢምፔርፌቶ» የሚለው ጊዜ እንዲህ ከሰው አፍ ሲወርድ ብትሰማው ሠንጠረዥ ማጥናት አያስፈልግህም።

ጾሙ አያስቸግርህም፤ እንዲያውም ወሬ ይከፍትልሃል። አሳማን በተመለከተ «ማያሌ» እና «ስትሩቶ» የሚሉትን ቃላት ያዝ፤ ሁለተኛው የአሳማ ስብ ነው። እዚህ አካባቢ ፒያዲና እና ክሬሸንቲና በሚባሉት ቂጣዎች ውስጥ አለ፣ አንዳንድ ዳቦ ውስጥም ይገባል፤ «ቼ ሎ ስትሩቶ?» ብለህ ጠይቅ። ለጾም ትልልቆቹ «ዲ ማግሮ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሥጋ የሌለበት ማለት ነው፣ ስቅለትና የገና ዋዜማ ላይ እነሱም ይጾሙት ነበር። ነገር ግን የእነሱ ማግሮ ወተትና እንቁላል ይፈቅዳል። ስለዚህ «ሴንዛ ኡዎቫ፣ ሴንዛ ላቴ፣ ሴንዛ ቡሮ» ብለህ ጨምር፤ ቡሮ ቅቤ ነው። የቦሎኛ ትኩስ ፓስታ እንቁላል አለው። ደረቁ፣ ፓኬቱ ላይ «ሴሞላ ዲ ግራኖ ዱሮ» የሚለው፣ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው። ፓስታ በሽምብራ፣ «ፓስታ ኤ ቼቺ»፣ የጾም ምግብህ ይሆናል።

ሁለት የቦሎኛ ቃል ልጨምርልህ፣ መምህርህ ላያውቃቸው ይችላል። ጓደኛህ ከታች ደውሎ «ሚ ዳይ ኢል ቲሮ?» ካለህ የበሩን ቁልፍ ተጫንልኝ ማለቱ ነው። «ሩስኮ» ደግሞ ቆሻሻ ነው፤ «ቡታ ኢል ሩስኮ» ካሉህ ተራው ያንተ ነው።


አቤል (ሮማ)

እኔ ሮማ ባር ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ባር ሲባል ቁርስ የሚበላበት፣ ቡና በቁም የሚጠጣበት ቤት ነው። ብዙ ቦታ፣ በተለይ ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ አስቀድመህ «ካሳ» ላይ ትከፍላለህ፤ ከዚያ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠህ ታዝዛለህ። ቆመህ ከጠጣህ ርካሽ ነው፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። ማኪያቶ ብለህ የአዲስ አበባውን እንዳትጠብቅ፤ ትንሿ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ የምትል ወተት ናት። ወተት የበዛበት ካማረህ «ላቴ ማኪያቶ» በል። «ላቴ» ብቻ ካልክ ወተት ብቻውን ይመጣልሃል።

ለቋንቋ የምመክርህ ግን ጋዜጣውን ነው። ብዙ ባር ውስጥ የአይስክሬሙ ማቀዝቀዣ ክዳን ላይ ሮዝ ወረቀት ያለው ጋዜጣ ተዘርግቶ ታያለህ፣ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት ነው። ሰኞ ጠዋት ግባና ማታ ያየኸውን ጨዋታ አንብብ። ማን እንዳገባ፣ ማን በቀይ እንደወጣ ስለምታውቅ ያልገባህን ቃል ራስህ ትደርስበታለህ። አጠገብህ ያለውም ሰው ዝም አይልም፤ «ሃይ ቪስቶ?» ይልሃል፣ አየህ አይደል? «ሲ፣ ኦ ቪስቶ» ካልክ ወሬው ተጀመረ። ቦሎኛ ደግሞ በእግር ኳስ የደላው ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ የጣሊያንን ዋንጫ ወስዷል፣ ከ1974 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚያ ምሽት ማንንም የባር ደንበኛ ብትጠይቅ ቡናህ እስኪቀዘቅዝ ይነግርሃል።


ሰላማዊት (ሚላኖ)

እኔ ትንሽ ልለይ። እህት ትርሲት ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ለናሆም ብቻውን አይበቃውም። ቀኑን ሙሉ ገበያ ቢውል የቤት ኪራይ ውል ማንበብ አይችልም፤ የሚፈርምበት ወረቀት ደግሞ በጣሊያንኛ ነው። በመጣህ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለብህ፤ ፎርሙን ፖስታ ቤት ወስደህ ትሞላለህ፣ ቀጠሮ ይሰጥሃል፣ ኩዌስቱራ፣ ማለትም ፖሊስ መምሪያው ትሄዳለህ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው እንደ አይብ ሻጩ አይታገሥህም።

ወደፊት ለመቆየት ካሰብክም አስቀድመህ እወቀው፦ ለረጅም ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ኤ2 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል፣ ለዜግነት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ከሱ ከፍ ያለው ቢ1። ፈተናው ላይ መጻፍ አለ። የዩኒቨርሲቲውን የቋንቋ ማዕከል ኮርስ ገና ስትደርስ ተመዝገብ። ይህን ክር ለሚያነቡ ሠራተኞች ደግሞ፣ ቺፒያ የሚባሉት የመንግሥት የአዋቂዎች ትምህርት ቤቶች በየከተማው አሉ፤ ኮርሱ ውድ አይደለም፣ የማታም አላቸው። ወጥ ቤት ውስጥ የተማርነው ጣሊያንኛ ይጣፍጣል፣ ግን ዶክተር ፊት ስንቀርብ ያጥረናል። እናቶቻችንን ሆስፒታል ይዘን ስንሄድ አይተነዋል።


ትርሲት (ቦሎኛ)

ሰላማዊትዬ፣ የኮርሱን ነገር እኔም አጥብቄ እደግፋለሁ፤ ቺፒያ ገብቼ ነው መጻፍ የቻልኩት። የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ክላስ የመጣ ሰው አፉ አስቀድሞ ከተፈታ መምህሯ የምትጽፈው ሕግ ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ አለው። አፋቸው ሳይፈታ ሰዋስው ብቻ ይዘው ዓመታት የቆዩ ልጆች አውቃለሁ፤ ፈተናውን አልፈዋል፣ ጎረቤታቸውን ግን ዛሬም አያናግሩም። ይህ ያሳዝነኛል።


የጋራዡ ሰው (አዲስ አበባ)

ልጆች፣ እኔ ጣሊያን አልኖርኩም። ዕድሜዬን መኪና ስጠግን ነው የኖርኩት፤ ቋንቋውን በከፊል ከአለቆቼ፣ በከፊል ከመለዋወጫው ስም ለምጄዋለሁ። ናሆም ልጄ፣ ከባዶ እንደምትጀምር አታስብ። ካቻቪቴ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ፤ ቤት ውስጥም ኮሞዲኖ፣ ፎርኔሎ፣ ካልሲ። አንድ የመርካቶ ጋራዥ ገብተህ ብትውል ግማሹን የመኪና ክፍል በጣሊያንኛ ቆጥረህ ትወጣለህ።

ሌላ ትልቅ ሀብት አለህ። ጣሊያንኛ እንደኛው ድምፅ ያጠብቃል፣ ያላላል። «ፔና» ላልቶ ሲነገር ሥቃይ ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ብዕር። «ካሳ» ላላ ሲል ቤት፣ ጠበቅ ሲል አቤል የከፈለበት ገንዘብ መቀበያ። «ፓላ» ላልቶ አካፋ፣ ጠብቆ ኳስ። እኛ «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ስንል፣ «አለ» ብለን መናገሩንና መኖሩን ስንለይ ኖረናል። ሌላው ዓለም ለዚህ ብዙ ይለፋል፤ አንተ ጆሮህ ከልጅነትህ የሠለጠነ ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ስትይዝ የቱ ፊደል እንደሚጠብቅ አብረህ ያዝ። አጻጻፉ ራሱ ይነግርሃል፤ የሚጠብቀውን ሁለቴ ይጽፉታል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ጣሊያኖች ትርምስምሱ የወጣ ነገር ሲያዩ «አምባራዳን» ይላሉ። «ኬ አምባራዳን!»፣ ምን ዓይነት ዝብርቅርቅ ነው ይህ! ቃሉ የመጣው ከኛው አምባ አራዳም ነው፤ በየካቲት 1928፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1936፣ ከመቀሌ በስተደቡብ ከተደረገው ጦርነት። ሮማ ውስጥ በስሙ የተጠራ መንገድ አለ። እዚያ የወደቁት አባቶቻችን በመርዝ ጋዝ ጭምር ነው የተደበደቡት። የሚናገሩት ልጆች አብዛኞቹ ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ ክፋትም የላቸውም። ስትሰማ አትቆጣ፤ ቁጭ ብለህ በጣሊያንኛ ንገራቸው። ያን ታሪክ በራሳቸው ቋንቋ አጥርተህ መናገር እስክትችል ድረስ ተማር፤ እኔ ላንተ የምመኝልህ ጣሊያንኛ ያ ነው።


ናሆም (ገርጂ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አምባራዳንን ፈጽሞ አላውቀውም ነበር፣ ታሪኩን አዘጋጅቼ ነው የምሄደው። እትዬ ትርሲት፣ ያሉኝን ሁሉ ደብተር ላይ ገልብጫለሁ፣ «ላሾ?» እና «ላሺ ፑሬ»ን እህቴ እየጠየቀችኝ እየተለማመድኩ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ይገባል ይባላል። አዲስ የመጣ ሰው በዓላቸው ውስጥ እንዴት ይገባል?


ትርሲት (ቦሎኛ)

ናሆም፣ ገና ቀን ካልተጠራህ አትግባ፤ የቤተሰብ ቀን ነው። የሚጠራህ ሰው ካለ ግን ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ፓኔቶኔ ወይም ፓንዶሮ ያዝ፣ ፓኔቶኔ የሚላኖ ነው፣ ፓንዶሮ የቬሮና። በር ላይ ስትደርስ «ፔርሜሶ?» ብለህ ቆም በል፤ በሩ የተከፈተ ቢሆንም። «አቫንቲ» ሲሉህ ትገባለህ። ይህችን አንዲት ቃል ያለ ልጅ እናቶቹ ይወዱታል።

ለአዲስ ሰው የሚመቹት ትንንሾቹ በዓላት ናቸው። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ካርኔቫሌ አለ፤ ቀጭን ሊጥ ተጠብሶ ስኳር ይነሰነስበታል። ቦሎኛ «ስፍራፖሌ» ይሉታል፣ ሮማ «ፍራፔ»፣ ቶስካና «ቼንቺ»፣ ሚላኖ «ኪያኬሬ»። ክላስህ ውስጥ ከተለያየ ከተማ የመጡ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ «እናንተ ጋ ምን ይባላል?»፣ «ዳ ቮይ ኮሜ ሲ ኪያማኖ?» ብለህ ብቻ ጠይቅና ተቀመጥ፣ ጭቅጭቁን እነሱ ይጨርሱታል። አንተ የምትሰማው በሙሉ ልብ የሚነገር ጣሊያንኛ ነው። ማርች 8 የሚሞዛ አበባ ለሴቶች ይሰጣል፤ ለባለሱቋና ለጎረቤትህ አንድ አንድ ዘለላ ስጥ፣ «አውጉሪ» በል።

ከሁሉ የሚመቸን ግን የጃንዋሪ 6 ቀን ነው። ቤፋና የምትባል አሮጊት ለልጆች ካልሲ ውስጥ ጣፋጭ ታስቀምጣለች ይባላል፤ «ሌፒፋኒያ ቱቴ ሌ ፌስቴ ፖርታ ቪያ» ይላሉ፣ ያ ቀን በዓሉን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል ማለታቸው ነው። ዛፋቸውን ያፈርሳሉ። ለኛ ያች ዕለት የገና ዋዜማ ናት። በእነሱ ገና ለምን ሥጋ እንዳልበላህ፣ ለምን የነቢያትን ጾም አሁንም እንደምትጾም፣ ሁሉ በዓሉን ሲጨርስ አንተ ለምን እንደምትጀምር ይጠይቁሃል። የሚጠየቅ ሰው መናገር ግድ ይሆንበታል። እኔ በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ደረጃው ላይ ያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ «ያንቺ ገና መቼ ነው?» ይለኛል፤ በማግሥቱ ቡና እንዲመጡ እጠራቸዋለሁ።

አንተም ስትመጣ ቡና፣ ጀበናና ሲኒ ያዝ። እነሱ የለመዱት ሞካ የምትባለውን ምድጃ ላይ የምትጣድ ትንሽ የቡና ማፍያ ነው፤ ፊታቸው ቆልተህ፣ ወቅጠህ፣ አፍልተህ ሦስቴ ስትቀዳ እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደምታደርግ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከመምጣትህ በፊት ከመምህርህ ጋር እነዚህን ግሶች አጥና፦ ቶስታሬ፣ ማቺናሬ፣ ቦሊሬ፣ ቬርሳሬ። «አስፔታ፣ ቼ ኔ አንኮራ» የምትለውንም ጨምር፤ ቆይ፣ ገና አለ ማለት ነው፣ አቦልን ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ ታስፈልግሃለች።